ወርቁ ላይ የቀረው ጥላ

ዶክተር መልካሙ ወልድያ ባለው የግል ቤተ ሙከራው፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። በሩ ክፍት ነበር። ኢንስፔክተር ሸዋዬ ጎንበስ ብላ እጆቹን አየች፤ ሁለቱም ተልጠዋል።

«በሩን ሲደበድብ ነው» አለች። «ተቆልፎበት ነበር። የቆለፈው ሰው የከፈተው ከሞተ በኋላ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ ያለው የናይትሮጅን ሲሊንደር ባዶ ሆኗል፤ ጋዙ በቧንቧ ገብቶ ክፍሉን አየር አሳጥቶታል። ጠዋት በግቢው የነበሩት ሦስት ናቸው፦ ተመራማሪው ቶፊቅ፣ ረዳቱ ቤዛ፣ እና በቅርቡ የተቀጠረው፣ ከሀብሩ ወረዳ ከመርሳ ከተማ የመጣው ልጅ ይታገሱ፣ ሲሊንደር የሚቀይረው። ሦስቱም ወደ ክፍሉ አልገባንም አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሐምራዊ መብራት እንደበራ ነው፤ ከሥሩ ወርቅ የተለበጠ፣ መዳፍ የሚያህል መስታወት ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመስኖ ውሃ ውስጥ ፀረ ተባይ መኖሩን የሚለይ መመርመሪያ ልንሠራበት ነው» አለ ቶፊቅ። «ወርቁን በዓይን የማይታይ ስስ ኬሚካል አልብሰነዋል። ብርሃን ያገኘው ቦታ ጠባዩ ይለወጣል፤ ጥላ ያረፈበት እንደነበረ ይቀራል። የምንፈልገውን ቅርጽ የምናወጣው እንደዚያ ነው።»

«ቅርጹን እንዴት ታዩታላችሁ?»

«ትንፋሽ ይበቃዋል፤ ጉም የሚይዘው ጥላ ያረፈበት ብቻ ነው። ይተንፍሱበት።»

ሸዋዬ መብራቱን አስጠፍታ ተነፈሰችበት። ብርሃን የነካው ጥርት ብሎ ቀረ። መሐሉ ላይ ግን ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ነጭ ጉም ወጣ፤ ከጫፉ ሦስት ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል።

የቤዛ ፊት ተለዋወጠ። «የአለሚቱ ጉትቻ ነው። አምና እዚሁ ክፍል በጋዝ ታፍና የሞተችው ተማሪ። ዶክተሩ የራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ነው ብሎ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሸዋዬ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ጉትቻውን ብርሃኑ ሥር ያኖረው ዶክተሩ እያየው እንዲሞት ነው። ኋላ አንሥቶ ወሰደው፤ ጥላው ግን ወርቁ ላይ ቀረ። ቶፊቅና ቤዛ ይህን ስለሚያውቁ እዚያ አያስቀምጡትም። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ከኮሌታው ሥር ክር ብቅ ወዳለበት ወደ ይታገሱ ዞረች። «ሀብሩ ደውዬ ጠየቅሁ። አለሚቱ በእናት የምትገናኘው ወንድም አላት፤ አንተ ነህ። አንገትህ ላይ ያለውን አውጣው።»

ይታገሱ ክሩን ከሸሚዙ ሥር ሳበ፤ ጉትቻው ተንጠልጥሎ ወጣ።

«ዶክተሩ ቧንቧው እንደሚያፈስ እያወቀ ነው እህቴን ያስገባት» አለ በዝግታ።

«ማወቁን በምን አወቅህ?»

«ራሱ ነገረኝ፣ በሩን እየደበደበ። ስሟን ጠርቶ ይቅር በለኝ አለኝ።»

«ከተናዘዘልህ በኋላ ለምን አልከፈትክለትም?»

ይታገሱ ጉትቻውን መዳፏ ላይ አኖረላት።

«እንዲናዘዝ ብዬ አልቆለፍኩበትም» አላት።