ከግድግዳው ማዶ ያለው ተጠቃሚ

ማመን የፈለገ ይመን። እኔ የምጽፍላችሁ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ የሆነውን ነው።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐዩ ግቢውን ሞልቶታል። ስለዚህ ጨለማ ምናምን አትጠብቁ... የሆነው በብርሃን ነው።

ቤቴ ቀራንዮ ነው፣ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው። ልጅ የለኝም።

ሰርቪስ ቤቷን ለሄቨንና ለባሏ ለማኑሄ አከራይቼ ነበር። ሄቨን የሰባት ወር እርጉዝ ናት። የእሷን ክፍልና የእኔን ሳሎን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። በእኔ በኩል ራውተሩ ተሰቅሏል። በእሷ በኩል አልጋዋ ተጠግቷል።

አንድ ቀን ሆዷን ይዛ መጣች።

«እትዬ አልማዜ፣ ዋይፋዩን ወደዚያ ቢያነሱልኝ?»

«ለምን?»

«ለጽንስ ጥሩ አይደለም ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ቲክቶክ ላይ...»

ሳቅኩባት። «ቲክቶኩን የምታዪው በማን ዋይፋይ ነው?» አልኳት። አንገቷን ደፋች።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው ጎረቤታችን ሲስተር ዙሀራም ነግራታለች። «ዋይፋይ ጽንስ ይጎዳል የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም። አትጨነቂ። ክትትልሽን ብቻ አታቋርጪ፣ መራገጡ ከቀነሰብሽ ቶሎ ነይ።» እኔም ከጎን ሆኜ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አልኩ።

ሄቨን ግን አላረፈችም።

«እትዬ... መብራት ሲጠፋ ልጄ ዝም ይላል።»

«ይተኛል ነዋ።»

«መብራቱ ሲመጣ ይራገጣል። ሁልጊዜ። ዋይፋዩ ነው የሚረብሸው።»

እውነቱን ልናገር? ያን ሆድ ማየት ያመኝ ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጸልዬ ያጣሁትን እሷ ባገባች በዓመቷ አገኘችው። ደግሞ ታማርራለች! ራውተሩን ለማንሳት አንድ ሚስማር ይበቃ ነበር። አላነሳሁትም።

ከዚያ ኢንተርኔቱ መንቀርፈፍ ጀመረ።

ስልኬ ላይ የራውተሩን አፕ ከፈትኩ። ማን ማን እንደሚጠቀም ይዘረዝራል። የእኔ ስልክ አለ። ቴሌቪዥኔ አለ። የሄቨን ስልክ አለ።

አራተኛው ስም የለውም።

የሚጠቀመው በጣም ትንሽ ነው፤ ግን አያርፍም። ምልክቱ ብልጭ ብልጭ ብልጭ ይላል... በጣም ፈጣን ነው።

ጎረቤት የሚሰርቀኝ መሰለኝና መከታተል ጀመርኩ። ሄቨን ስትወጣ ይጠፋል። ስትመለስ ይመጣል።

አንድ ቀን ስልኳን እኔ ጋ ቻርጅ ላይ ትታ ሱቅ ወጣች። ስልኳ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስም የሌለው ግን ጠፋ።

የግቢው በር ተከፈተ... ተመልሶ መጣ።

አሃ! አልኩ። ሁለተኛ ስልክ ደብቃለች። እኔን ራውተሩን ያንሱልኝ እያለች ትለምናለች፣ በስውር ደግሞ ትጠቀማለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

«ሁለተኛ ስልክ አለሽ?» አልኳት።

«የለኝም።»

«ጌታን በይ።»

«ጌታን፣ እትዬ። ምን ሊያደርግልኝ?»

አላመንኳትም። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ሶፋዬ ላይ ተደላድዬ ስም የሌለውን መረጥኩና ብሎክ የሚለውን ነካሁት።

ጠፋ።

ከግድግዳው ማዶ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ።

ትንሽ ቆይቶ ሄቨን በሬ ላይ ቆመች። ባዶ እግሯን ናት።

«እትዬ... መብራት አለ?» አለች በሹክሹክታ።

«ቴሌቪዥኑ እየሠራ አይደል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«ማን?»

በሁለት እጇ ሆዷን ትነካካለች። እዚህ ትጫናለች... እዚያ ትጫናለች...

አምፖሉን አየሁት። ስልኬን አየሁት። ሆዷን አየሁት።

ገባኝ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ገባኝ።

«ጤና ጣቢያ ልሂድ?»

«ማኑሄ እስኪመጣ ጠብቂ። ጣፋጭ ነገር ጠጪና ጋደም በይ፣ ይነቃል።»

ብሎኩን ለማንሳት አንዴ መንካት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ግን ባነሳውና ቢራገጥስ? ይሄን ማወቅ ፈራሁ። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። ያቺን ልጅ ስትንቀጠቀጥ ማየት ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ስደቡኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በግድግዳው በኩል ሰማኋት። «ተንቀሳቀስ... የኔ አባት፣ አንዴ ብቻ...»

አሥር ሰዓት ላይ ማኑሄ በታክሲ መጥቶ ደግፎ ይዟት ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ብሎኩን አነሳሁት።

ምንም አልመጣም። ታክሲው ሄዷል።

ልጁ አልተረፈም።

ልናጽናናት ስንሄድ ሄቨን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ዋይፋዩ ነው የገደለብኝ» ትላለች። ሲስተር ዙሀራ እጇን ያዘቻት። «አይደለም የኔ እህት። ምክንያቱ የማይታወቅ ብዙ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ሄቨን ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው፣ እትዬ?»

«ሰማሽ አይደል?» አልኳት። «ዋይፋይ ምንም አያደርግም።»

በሳምንቱ ለቀው ሄዱ። ክፍሉን ጠርጌ ቆለፍኩት።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አፑን ከፈትኩ።

ስም የሌለው አለ።

ብልጭ ብልጭ ብልጭ...

ሮጬ የራውተሩን ሶኬት ያዝኩ። ልነቅለው ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ብነቅለው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም!

መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥበት ባትሪ ገዛሁለት። ሳንሱሲ ያለችው እህቴ እኔ ጋ ሰንብቺ ብላ ትለምነኛለች። ትቼው እንዴት ልሂድ? ከሲታ ሆኛለሁ፣ ሰው ሲያየኝ ይደነግጣል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ዝርዝሩን ከፈትኩት። ቴሌቪዥኑ አለ። ስም የሌለው አለ። የእኔ ስልክም አለ... ግን «አልማዜ» ብዬ የመዘገብኩት ስም ተቀይሯል። የአፑን የይለፍ ቃል ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

«እማዬ» ይላል።