ሳል የሌለው የገና አባት

አቶ ገብረዋህድ የገና አባትን ቀይ ካፖርት እንደለበሱ፣ ነጩ ጢም አገጫቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ከዕቃ ቤቱ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። በዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከአጥሩ ማዶ የካዛንቺስን አሮጌ ቤቶች የሚያፈርሰው ማሽን ያጓራል፤ ከወዲህ፣ በአንድ ግድግዳ ልዩነት፣ ሠላሳ ሕፃናት የገና መዝሙር ይዘምራሉ። ኢንስፔክተር ዘሪቱ ብዙ ሬሳ አይታለች። እንዲህ እየተዘመረለት የተጋደመ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«ልጄ፣ አደራሽን በጓሮ በር አውጡልኝ» አሉ የአፀደ ሕፃናቱ ባለቤት ወይዘሮ ትበርህ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው። «ልጆቹ የገና አባትን ሞቶ እንዳያዩት። ደክሞት ተኝቷል ብለናቸዋል።»

ዘሪቱ እሺ አለች። ሬሳው ከመነሳቱ በፊት ግን ጎንበስ ብላ አየችው። የሟቹ ማጅራት ተፈንክቷል። የሸሚዛቸው ኮሌታ በደም ርሷል፤ በላዩ ያለው የካፖርቱ ነጭ አንገትጌ ግን ጥቂት ነካ ካደረገው በቀር ንጹሕ ነው። እግራቸው ላይ ያለው የዘወትር ቡናማ ጫማቸው ነው። የገና አባት ጥቁር ቡት ከደረጃው አናት መደርደሪያ ላይ ቆሟል። እጇን ብትሰድ ጫፉ ውስጥ የተጠቀጠቀ ካልሲ አገኘች።

ጠዋት የግቢው በር ከውስጥ ተቆልፎ ስለነበር፣ ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ወይዘሮ ትበርህ፣ መምህርት ቢሊሴና ሹፌሩ ጋዲሳ።

ቢሊሴ እያለቀሰች እንደተናገረችው፣ አቶ ገብረዋህድ ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት የገና አባት ሆነዋል። ዛሬም ልክ በአራት ሰዓት የገና አባት ገብቶ ስጦታ አድሎ ወጣ። እሷ ትንንሾቹን አቅፋ ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ነበረች። አምስት ሰዓት ላይ ሳህን ልታመጣ ስትሄድ ወድቀው አገኘቻቸው።

«ቡት አድርገው ነበር?» አለች ዘሪቱ።

«አዎ፣ እሱን ሳያደርጉ አይገቡም። ማለቴ፣ ልጆች መሬት ስለሚቀመጡ ፊት ሳይሆን እግር ነው የሚያዩት። አንድ ዓመት በገዛ ጫማቸው ገብተው አንዱ ልጅ ‹የአባባ ገብረዋህድ ጫማ ነው› ብሎ ጉድ ፈላ። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ በፊት የሚያደርጉት ቡቱን ነው።»

ጋዲሳ ሚኒባስ ሲያጥብ እንደነበር ተናገረ፤ ያየው ሰው ግን የለም። ይህን ስትነግረው ላብ አጠመቀው። ቡቱን የገዛው እሱ ነው፤ የሁለቱም እግር ቁጥር አርባ ሦስት ስለሆነ ራሱ ለክቶ ነው ያመጣው። ከአራት ሰዓት በፊት ከዕቃ ቤቱ የሟቹን ድምፅ ሰምቷል። «‹ዘንድሮ አልዋሽም› ሲሉ ሰማሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ማሽኑ ዋጠው በቃ።»

ወይዘሮ ትበርህ ቢሮ ነበርኩ አሉ። «ስጦታውን ሰጥቶ ሲመለስ በመስኮት አየሁት፤ እያሳለው ነበር ምስኪን። ካፖርቱ ጠልፎት ይሆናል የወደቀው።»

ኮሪደሩ ላይ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ያልተከፈተ ፖስታ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለብቻዋ ተቀምጣለች። የወይዘሮ ትበርህ የልጅ ልጅ ሃበን ናት። ዘሪቱ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ከእናቴ ነው» አለች ልጅቷ። «የገና አባት አገር ነው ያለችው። በየዓመቱ እሱ ያነብልኛል። ዘንድሮ ግን ሰጥቶኝ ሄደ። አልተናገረም፣ አላሳለውም።»

«ሌላ ጊዜ ያስለዋል?»

«ሁልጊዜ።»

ቢሊሴ ዘሪቱን ወደ ጎን ስባ፣ የሃበን እናት በሕመም ከሞተች አራት ዓመት እንደሆናት አንሾካሾከችላት። ለልጅቷ ግን ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው፤ ወይዘሮ ትበርህ የሚነግራትን ሰው አልምርም ብለዋል።

ስምንት ሰዓት ላይ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሃበን ቢሮ ውስጥ ቀረች። ሦስቱ ሰዎች መማሪያ ክፍሉ ውስጥ በልጆች ወንበር፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ እስኪደርስ ኩርምት ብለው ተቀመጡ። ጋዲሳ አሁንም እያላበው ነው።

«አቶ ገብረዋህድ ሲወድቁ ካፖርቱን አልለበሱም» አለች ዘሪቱ ቆማ። «ለብሰው ቢሆን አንገትጌው እንደ ሸሚዛቸው በደም ይርስ ነበር። ያለበሳቸው ገዳያቸው ነው። ቡቱንም ሊያደርግላቸው ሞክሮ ይሆናል፤ ግን የሞተ ሰው ተረከዙን ገፍቶ አያስገባም። እሳቸው ከሁሉ በፊት የሚያደርጉት ቡቱን ነው፤ የሞቱት ግን በገዛ ጫማቸው ነው። ስለዚህ በአራት ሰዓት ቡት አድርጎ እዚህ ክፍል የገባው ሌላ ሰው ነው። ሃበን እንደነገረችኝም፣ ድምፁ እንዳይታወቅበት አልተናገረም፣ አላሳለውምም።»

ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ጋዲሳ አይደለም። በልኩ የገዛው ቡት ውስጥ ካልሲ አይጠቀጥቅም፤ ያደረገው እግሩ ትንሽ የሆነ ሰው ነው። ቢሊሴ ደግሞ ልጆቹ መሀል ነበረች።» ጋዲሳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ወይዘሮ ትበርህ፣ የገና አባት ሲመለስ እያሳለው ነበር አሉኝ። በዚያ ሰዓት አቶ ገብረዋህድ ሞተዋል። ማንን ሲያስለው አዩ?»

ወይዘሮ ትበርህ ትንንሽ እግሮቻቸውን አዩ።

«አንድ ዓመት ብቻ ጨምርላት ብዬ ለመንኩት» አሉ። «የሐሰት ደብዳቤ አላነብም፣ ዛሬ እውነቱን እነግራታለሁ አለኝ። ካፖርቱን ወርውሮልኝ ሊወርድ ሲል ገፋሁት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከዚያ አራት ሰዓት ሞላ። ልጆቹ እየጠበቁ ነበር።»

ቢሊሴን ዘገነናት፤ ወንበሯን ከእሳቸው አራቀች። ወይዘሮ ትበርህ ሲነሱ የዘሪቱን ክንድ ያዙ። «ለሃበን፣ አያትሽ ከገና አባት ጋር ወደ እናትሽ ሄደች በዪልኝ። እባክሽ ልጄ።» ዘሪቱ ውጭ ለቆሙት ፖሊሶች አስረከበቻቸው።

ቢሮ ስትገባ ሃበን በመስኮቱ አያቷ ፖሊስ መኪና ውስጥ ሲገቡ እያየች ነበር። ፖስታው አሁንም አልተከፈተም። ዘሪቱ አጠገቧ ተንበረከከች።

«የገና አባት አባባ ገብረዋህድ ናቸው» አለች ልጅቷ ሳትዞር። «ዛሬ ግን አያቴ ነበረች። እጇን አውቀዋለሁ።»

«ደብዳቤውስ?»

«እሱንም እሷ ናት የምትጽፈው። እናቴ ሞታለች እኮ። ካወቅሁ ቆየሁ።»

ሰውዬው የሞቱት ልጅቷ ራሷ ለማታምነው ውሸት ነበር።

«ለምን አልነገርሻትም?»

«የማምናት ሲመስላት ትደሰታለቻ።» ሃበን ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቦርሳው ውስጥ ሌሎች ሦስት አሮጌ ፖስታዎች ነበሩ። «እትዬ፣ ማወቄን ለአያቴ እንዳትነግሪያት።»

ዘሪቱ እንደማትነግራቸው ቃል ገባችላት።