የመንጋጋው ወገን

በሙዚየሙ የአጥንት ክፍል የምንሠራው ሁለት ነበርን። እኔ መግለጫ እጽፋለሁ፣ እሱ አጥንት ይጠግናል። «ዝምታው» እለዋለሁ፤ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው በቅንድቡ ነው። ስወደውም ከቅንድቡ ጀመርኩ፣ ምን ይደረግ።

ያን ሰሞን ሥራ በዝቶብን ነበር። ድሮ ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር ሁሉ «ካርኖሶር» እየተባለ በአንድ ወገን ይታጎር ነበር። ኋላ ሲጠና ለካ ብዙዎቹን የሚያመሳስላቸው ግዝፈታቸው ብቻ ኖሯል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ለወፍ የሚቀርቡ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የድሮውን ምድብ አፍርሰን እያንዳንዱን አጥንት ወደየዘመዱ እንወስድ ነበር። አንድ የመንጋጋ ስባሪ ብቻ የሚጠጋበት ጠፍቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ስባሪውን እያገላበጥኩ ሳለ እናቴ ደወለች። ስለ ዝምታው ከነገርኳት ወዲህ ዕረፍት የላትም። ድምጿ ደግሞ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ይሞላል።

«ለመሆኑ ወገኑ ማነው?»

ልቤ መንጋጋው ላይ ነበር። «ወገን የለውም እማዬ። የነበረውም በስህተት ነው፣ ተሰርዟል» አልኳት።

ዝምታው ብሩሹን አስቀምጦ ወጣ። ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ያልኩት ሲገባኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ለመዛወር መጠየቁን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ አብረን እየዋልን ቃል ሳንለዋወጥ እንለያይ ጀመር። ቤቴም ስገባ ከግድግዳ ጋር ነበር የምፋጠጠው።

የሚሄድ ዕለት ዕቃውን ሲሸክፍ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«እናቴ ትሙት፣ ስለ አጥንቱ የጠየቀችኝ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

«እሳቸው የጠየቁት ስለ እኔ ነዋ። መልሱም ያው ነው።»

እወደው ነበር፤ እሱ ደግሞ ቢሄድ የሚሸኘው እንኳ አልነበረውም። ስልኬን አውጥቼ እፊቱ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ስለ ልጁ ነበር የጠየቅሽኝ። እናትም አባትም አያውቅም፣ ያለ ዘመድ ነው ያደገው። እኔ ግን እወደዋለሁ።»

እሱ የሻንጣውን ዚፕ እንደያዘ ቀረ።

«ታዲያ ማታ ማታ» አለች እናቴ፣ «ከማን ጋር ነው የሚበላው?»

እኔ ምን አውቄ። ስልኩን ሰጠሁት።

«ብቻዬን ነው፣ እናቴ» አላት።