ሽቅብ የተሳለው ማጠራቀሚያ

ቧንቧ ሠራተኛዋ አርክቴክቱን የናቀችው ገና ጫማውን ስታይ ነው። ነጭ ጫማ፣ ያውም ጭቃ በሆነ ዳገት ላይ! ከመኪናው ሳይርቅ ቆሞ ስለ ዘመናዊ ቤት ደሰኮረ፤ ከጣሪያው የሚጠራቀመው ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ይበቃል አለ።

ንድፉን ስትዘረጋው ሳቋ አመለጣት። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያውን ከቤቱ በላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ አስቀምጦታል። ሰውዬው ቦታውን ሳይረግጥ ቢሮው ቁጭ ብሎ ላይና ታቹን ገልብጦ ነበር የሳለው።

«ኢንጂነር፣ ከአሸንዳው የወረደ ውሃ እንዴት ተመልሶ ዳገት ይወጣል?»

«አንቺ ንድፉን ተከተይ» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት።

እሷም ንድፉ ጥግ ላይ «ውሃ ሽቅብ አይሄድም ብዬ ነግሬያለሁ» ብላ በቀይ ጽፋ አስፈረመችው። ፈገግ ብሎ ሳያነብ ፈረመ። የዚህን የማይረባ ሰው ፈገግታ እያሰበች ቤቷ መግባቷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

እንደ ንድፉ ሠርታ በጨረሰች በመጀመሪያው ዝናብ ዳገት መውጣት ያቃተው ውሃ ቧንቧውን ሞልቶ ሳሎን ገባ። የቤቱ ባለቤት የአርክቴክቱ አክስት ናቸው። የራሰ ምንጣፋቸው ላይ ቆመው ሠራተኛዋን አበሻቀጧት፤ ከእንግዲህ በዚያ ሰፈር እንጀራዋ እንዳበቃለት ነገሯት። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን፣ እሱ የፈረመበትን ወረቀት ጨበጠ። አላወጣችውም። ይሄ ጉረኛ ከጀርባዋ ተደብቆ ሲያልፍ ማየት ፈለገች፤ እንደሚያልፍም እርግጠኛ ነበረች።

«አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አርክቴክቱ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። «እሷ ነግራኛለች። አልሰማኋትም።»

አክስቱ ሊሰጡት ያሰቡትን የሁለተኛ ቤት ንድፍ ሥራ እዚያው ከለከሉት።

በማግስቱ ከቤቱ በታች፣ ማጠራቀሚያው መጀመሪያውኑ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ሲቆፍር አገኘችው። አካፋ አያያዙ ያሳፍራል። ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው፤ አነበበው።

«ይሄን ይዘሽ ነው ስድቡን የጠጣሽው?»

«ሰው መሆንህን ልይ ብዬ ነው።»

«ባልናገርስ?»

«አወጣውና ዕድሜ ልኬን እንቅህ ነበር።»

«አሁንስ?»

ጫማውን አየች። ነጭነቱ የለም። አካፋው ላይ ያለውን እጁን አስተካከለችለት፣ የራሷንም ቶሎ አላነሳችም።

«አሁንም እንቅሃለሁ» አለችው። «ነገም ና።»

መጣ። አካፋ አያያዙ ግን እስከ ሠርጋቸው ቀን ድረስ አልተሻሻለም።