ለጋራዡ የሚሆን መብራት

አለልኝ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የጋራዡን የብረት በር በትከሻው ገፍቶ ይከፍትና፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ የበሩ ደፍ ላይ ትንሽ ይቆማል። ከኋላው የደብረ ብርሃን ውርጭ በሣሩ ላይ ያብለጨልጫል፤ ከፊቱ ግን ሌሊቱ ገና አልሄደም። ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን እንዲያቆም ተብሎ የተሠራ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ አንዲት መስኮት እንኳ የሌለው ሰፊ ቤት ነው። የድሮ ናፍጣና ግሪስ ሽታ ግድግዳው ውስጥ ዘልቋል፤ እሱ ካመጣው የዋንዛና የጽድ ፍቅፋቂ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ካፖርቱን በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ቫርኒሽ አቧራና ንፋስ አይወድምና በሩን መልሶ ይዘጋል። ከዚያ ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ያንጠለጠላትን አንዲት አምፖል አብርቶ ሥራ ይጀምራል።

ሥራው ሲጀመር ንዴቱም አብሮ ይጀመራል።

ቤቱም ጋራዡም የታላቅ ወንድሙ የሸዋንግዛው ነበሩ። ሸዋንግዛው የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፤ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ከእናታቸው ቀብር ቀረ፤ ለምን እንደቀረም ስላልተናገረ ወንድማማቾቹ ዐሥራ አራት ዓመት ተኳረፉ። ባለፈው ጥር፣ ሰባ ዓመት ሞልቶት፣ አልጋው ላይ ተኝቶ በሰላም ሞተ። አለልኝ አላለቀሰም። ነገር ግን ሃያ ዓመት የሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ መሄጃ አጣ፤ ከሚስቱ ከትርንጎ ጋር ዕቃቸውን ጭነው የወንድሙ ቤት ገቡ። ከሞተ ሰው ጋር መጣላት ከባድ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ የለ፣ የሚሰደብ የለ፤ ንዴቱ ተመልሶ በገዛ ሆድህ ውስጥ ይፈላል።

ያ ንዴት አንድ ቀን ቀና ብሎ እንዲያይ አደረገው። ለሙሽሮች ብሎ አንድ ወር የለፋበት ባለ ስድስት በር ቁም ሣጥን ተመልሶ መጥቶበት ነበር። በአምፖሏ ብርሃን እንደ መስታወት ሲያበራ የነበረው ቫርኒሽ፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ የብሩሽ ጭረትና የእንባ ዘለላ የሚመስል ጠብታ ሞልቶት ተገኘ። የሙሽራዋ አባት «ጋሽ አለልኝ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ?» አሉት በሰው ፊት። እሱም መሰላል አቁሞ፣ ባትሪ ይዞ ወደ ጣሪያው ወጣ። በሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ሆነው፣ ዐሥራ ሁለት የተቆረጡ ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። ጫፋቸው በጥቁር ፕላስተር በጥንቃቄ ተጠቅልሏል።

«እዚህ የነበሩትን መብራቶች ማን ወሰዳቸው?» ብሎ ትርንጎን ጠየቃት።

«ራሱ ነው ያስነቀላቸው ይላሉ ጎረቤቶች። ኋላ ኋላ በእጅ ባትሪ ብቻ ነበር አሉ የሚሠራው።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ለእኔ ጨለማ ሊያወርሰኝ ነዋ!» አለ አለልኝ፣ መሰላሉን በእርግጫ ብሎ።

በማግስቱ መብራት ሊገዛ ሄደ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ባለቤት ሐያት፣ ረጋ ያለች ሴት፣ ረጃጅሞቹን የኤልኢዲ መብራቶች አንድ በአንድ እያበራች ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት።

«ይሄ ቢጫው ለመኝታ ቤት ነው፤ እንጨት ያሳምራል፣ ግን ይዋሻል። መካከለኛው የቀን ብርሃን ይመስላል፣ ለሥራ እሱ ነው የሚስማማው። ይሄ ነጩ ደግሞ ምንም ነገር አይደብቅም፤ ዓይን ግን ያደክማል።»

«የማይደብቀውን ስጪኝ።»

የጋራዡን ስፋት ጠይቃው በጣቷ አሰላች። «ጥላ እንዳይኖር ከፈለጉ ዐሥራ ሁለት ያስፈልግዎታል ጋሼ።»

«ስድስት ይበቃኛል» አለ። ስድስት እንደማይበቃ ያውቃል፤ ወንድሙ የሰቀለውን ያህል መስቀል ግን ሽንፈት ሆነበት።

የሰፈሩ ኤሌክትሪሽያን ማንደፍሮ መጥቶ ገጠመለት። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ብቻ ጀርባውን ለጋራዡ የኋላ ጥግ ሰጥቶ አይቆምም፣ መሰላሉንም ሁልጊዜ ወደ በሩ ለመውጣት እንዲያመቸው አድርጎ ነው የሚያቆመው። ሲጨርስ «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ። «እነዚህ ርካሾቹ ዓይን በማያየው ፍጥነት ይጠፋሉ፣ ይበራሉ። የሚሽከረከር መጋዝ ጭራሽ የቆመ ይመስላል። በዚህ ብርሃን ቆሞ ያዩትን ሁሉ ቆሟል ብለው እጅዎን እንዳይሰዱ።»

መብራቱ በራ። ጋራዡ እንደተከፈተ ሬዲዮ ውስጡ ተገለጠ፦ የዛገ ብሎን፣ የሸረሪት ድር፣ ግድግዳው ላይ የሸዋንግዛው የጣት አሻራ በግሪስ የታተመበት ቦታ ሳይቀር። አለልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ሲል ጥጉን አየ። በስተኋላ፣ ድሮ ሸዋንግዛው መኪና ሥር ገብቶ ዘይት ይቀይርበት የነበረው፣ አሁን በጣውላ የተሸፈነው ጉድጓድ ያለበት ጥግ አልበራም። ብርሃኑ ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆሟል። ጥላ እንዳይባል የሚጥለው ነገር የለም። እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ የተንጠለጠለ ጨለማ ነው፤ ዝናብ ከመጣሉ በፊት እንደሚሸት እርጥብ ብረት ይሸታል።

«ይሄ ነው የአንተ ሥራ?» ብሎ ጮኸበት።

ማንደፍሮ ወደ ጥጉ ሳይመለከት «ሁለት ይጨምሩና እንየው» አለ።

ሁለት ተጨመረ፣ ልክ ከጉድጓዱ በላይ። ጥጉ ወለል ብሎ በራ፤ ጣውላው፣ የዘይት እድፉ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም ታየ። ጨለማው ግን አልጠፋም፤ የዋንዛ ሳንቃ የተከመረበት ጋ መጥቶ ቆሟል። ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ቀርቧል። አለልኝ ሳንቃውን አንድ በአንድ አነሣ፣ ግድግዳውን በመዶሻ መታ፣ ሐያትንም ማንደፍሮንም የሞተ ወንድሙንም ሰደበ። ሁለት ሌላ ገዝቶ መጣ። ማንደፍሮ መሰላሉ ላይ ሆኖ ዐሥረኛውን እያሰረ ሳለ እጁ ድንገት ቆመ። ለረጅም ጊዜ ወደ ሳንቃው ክምር ተመለከተ። ከዚያ ፒንሳውን እዚያው ላይ ትቶ፣ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሆኖ ወረደ።

«እኔ ከዚህ በኋላ አልመለስም፣ ጋሼ።»

«ምን አየህ?»

«ሽቦዎቹን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው አዘውኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹በጨለማ የት እንዳለሁ አያውቅም› ነው ያሉኝ። ሌላ አልጠየቅኋቸውም። እርስዎም አይጠይቁኝ።»

አለልኝ ፊቱ ደም መሰለ። «እብድ ነበር! የእናቱ ሬሳ ሲወጣ እዚህ ተሸሽጎ የቀረ ፈሪ ነው! አንተም እንደሱ ነህ። ውጣ!»

ማንደፍሮ ወጣ። መሰላሉንም አልወሰደም።

በማግስቱ ጠዋት አለልኝ ማንደፍሮ የተወውን ራሱ አስሮ፣ ዐሥሩንም መብራት አብርቶ የጠረጴዛ መጋዙን አስነሣ። ሞተሩ እየጮኸ፣ እንጨቱ እየተቆረጠ፣ ክብ ምላጩ ግን ቆሞ ይታየዋል፤ ጥርሶቹን መቁጠር ይችላል። ከምላጩ ቀና ሲል ከሳንቃው ክምር አጠገብ ካፖርት ተሰቅሎ አየ። ካፖርቴ ነው ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ካፖርቱ ከኋላው፣ በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ መሆኑ ትዝ አለው።

መጋዙን አጠፋ። የሞተሩ ጩኸት እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ያ ቆሞ የነበረው ምላጭ መሽከርከሩ መታየት ጀመረ። ሳንቃው አጠገብ ያለውም ነገር እንዲሁ ሆነ። ፍጹም ቆሞ የነበረው ትከሻው መጀመሪያ ተንዘፈዘፈ፤ ከዚያ አንገት በሚሆንበት ቦታ አንድ ነገር እየዞረ፣ እየዞረ፣ ከምላጩ ጋር እኩል ቀስ እያለ መጣ። ሊቆም ነው። ፊቱን ወደዚህ አድርጎ ሊቆም ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። አለልኝ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈራ የሚቆጣ ሰው ነበር፤ መዶሻውን አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። መዶሻው ጨለማው ውስጥ ገባ። ሲወድቅ ድምፅ አልሰማም። ቆሞ ጠበቀ፤ አልሰማም።

በሩን በርግዶ ሲወጣ ትርንጎ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ፊቱን አይታ ቅርጫቱን ጣለችው።

«አለልኝ፣ በናትህ ተወው። በረንዳው ላይ ሥራ። ቆርቆሮ እናስመታለን፣ ሸራ እንወጥራለን…»

«በገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ ልለምን?»

«ወንድምህ እኮ ትቶት ነው በሰላም የሞተው!»

ለምን እንደዚያ እንዳለ በኋላም አያውቅም። «እንግዲያው እሱን ባገባሽ ነበር» አላት። ትርንጎ ጎንበስ አለች። የወደቀውን ልብስ ከመሬት እየለቀመች፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተና፣ ንዴቱ ቀደመውና፣ የቀሩትን ሁለት መብራቶች ሊገዛ ወጣ።

በነጋታው ቁርስ ሳይቀምስ፣ ካፖርቱንም ሳይለብስ ወጥቶ፣ በትልቁ የብረት በር ላይ ያለችውን ትንሿን በር ከውስጥ ዘጋት። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሽቦዎቹን በጥርሱ ላጠ፣ በእጁ ጠመዘዘ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከታች፣ ከመሰላሉ እግር አጠገብ፣ የእርጥብ ብረቱ ሽታ ወፍሮ መጣ፤ ወደ ታች ግን አላየም። «ና» ይላል በጥርሱ መካከል። «ና፣ ተገለጥ! የት እንዳለሁ ልንገርህ፤ እዚህ ነኝ! እኔ እንደሱ አልሸሸግም!» ከሥር መሰላሉ አንድ ጊዜ፣ በጣም በቀስታ፣ ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጥ እንደሚያደርገው ተንቃጨለ። ወደዚያው ዘልሎ ወረደ። ምንም የለም። በግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ በመዳፉ መታው።

ዐሥራ ሁለቱም በሩ።

እንዲህ ያለ ብርሃን አይቶ አያውቅም። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከመጋዙ ሥር፣ ከሳንቃው መካከል፣ ከጉድጓዱ ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር ነጭ ነው። ዞሮ ዞሮ ፈለገ። ጥግ የለም፣ ጥላ የለም፣ ሽታ የለም። የቁም ሣጥኑን በር በጣቱ ዳሰሰ፤ እያንዳንዷ ጭረት ታየችው፣ የእንጨቱ ደም ሥር ታየው። አሸነፍኩ አለ። ወዲያው ዐሥራ አራት ዓመት ሆዱ ውስጥ ሲፈላ የነበረው ነገር ጸጥ አለ፤ በቦታው የመጣው ድካምና የትርንጎ ጀርባ ነበር። ያ ልብስ ስትለቅም ያየው ጀርባ። አሁኑኑ ሄዶ እግሯ ላይ ይወድቃል፤ እጇን ይዞ አምጥቶ ያሳያታል።

ትንሿ በር ሲጢጥ ብላ ተከፈተች። ከውስጥ ዘግቷት እንደነበር ያሰበው በኋላ ነው። ትርንጎ ናት። ማንደፍሮ ከኋላዋ አለ።

«ትርንጎዬ!» አለ እጁን ዘርግቶ። «ነይ ግቢ፣ እይ!»

ትርንጎ ደፉ ላይ ቆማ ዓይኗን አጠበበች። ብርሃን በዝቶባት መሰለው። ከዚያ ስልኳን አወጣችና የስልኩን ባትሪ አበራች፤ አንድ እግሯን እያስቀደመች፣ በእጇ አየሩን እየዳበሰች ገባች።

«ጠንቀቅ ይበሉ፣ ጉድጓድ አለ» አላት ማንደፍሮ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፍቷል፤ ሰው በዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራል?»

አለልኝ ወደ ላይ አየ። ዐሥራ ሁለቱም ቦግ ብለዋል። «ትርንጎ፣ እዚህ ነኝ» አለ፤ ከእሷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል፣ በብብቷ የያዘችው የሱ ካፖርት ላይ ያለውን የሙጫ እድፍ እንኳ ያያል። የስልኩ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ አረፈ፣ መጋዙ ላይ፣ መሰላሉ ላይ፤ ፊቱ ላይ መጣ፤ ትንሽ ቆየ፤ አለፈ።

«እዚህም የለም» አለች ትርንጎ፣ በሩንም ከውጪ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።