የጀማል ሞተርና የኑግ ዘይቱ

ከሚሴ ውስጥ ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ፣ በጥላቸው የደነገጡ ሁሉ እኔ ዘንድ መጥተው ነበር ልባቸው የሚመለሰው። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን እንደ ተረት እንዳትሰሙብኝ፣ የሆነውን እንደሆነው ነው የምጽፈው፣ ካመናችሁኝ እሰየው፣ ካላመናችሁኝም አልቀየማችሁም።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ ጀማል ሰሜን ግንባር በነበረበት ዓመት። ጀማል ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ጥገና የተማረ ልጅ ነው፣ እዚያ ሳለ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ የሰጠው የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ነበረው፣ ትንሽ ስላችሁ የልጆች መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቡጢ የማያክል ግን እውነተኛ ሞተር ነው፣ አልኮልና የጉሎ ዘይት እየጠጣ የሚጮህ። ጀማል ከቀርከሃና ከወረቀት ሠርቶ ሞተሩን ከነውልብልቢቱ የገጠመላትን አውሮፕላን በሁለት ክር ይዞ ጨፋ ሜዳ ላይ ከከብቶቹ በላይ ሲያዞራት፣ ወላሂ፣ ገበያተኛው ሁሉ እህሉን ከአህያው ሳያወርድ ቆሞ ያይ ነበር።

ሊዘምት ሲል ሞተሩን በእጄ ሰጠኝና፣ «እትዬ፣ ይኼን የሚገድለው መብረሩ አይደለም፣ አቀማመጡ ነው» አለኝ። ከበረረ በኋላ ነዳጅ ሆዱ ውስጥ እንዳይቀር እስከ መጨረሻው አንድዶ ማጥፋት፣ ከዚያ መጥረግ፣ ቀጭን ዘይት ሁለት ጠብታ ማንጠብጠብ፣ በጥጥ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጭስ ከማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ፣ በወር በወሩ ደግሞ እንደገና ዘይት ጠብ አድርጎ በጣት ሰባት ጊዜ ማዞር።

«በላስቲክ እንዳትጠቀልይው ብቻ፣ ያልበዋል» አለኝ።

«ሕፃን ነው እንዴ የሚያልበው?»

«ከሕፃንም ይብሳል፣ እትዬ።»

እኔም እንደ ሕፃን ያዝኩት። በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አኖርኩት፣ ከስፌት መኪናዬ ዘይት ሁለት ጠብታ እየቀነስኩ በወር በወሩ አዞርኩት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠርኩ ደብዳቤውን ራሴ ነበርኩ የማነበው፣ ጀማል ከሰላምታው ቀጥሎ «ሞተሬ ይዞራል?» ይላል፣ እናቴ ደግሞ፣ «እኔ እናቱስ እዞር እንደሆን አይጠይቅም?» ብላ ትቆጣለች፣ ከዚያ ደብዳቤውን ተቀብላኝ ደረቷ ውስጥ ትከተዋለች።

ኋላ የስፌት መኪና ዘይት ከሱቅ ጠፋ። እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ለሰው አንጀት የተስማማ ለብረት ምን ያንሰዋል ብዬ የኑግ ዘይት ጨመርኩበት፣ ያውም ሁለት ጠብታ አይደለም፣ ስለምወደው አንድ ማንኪያ ሙሉ። ከዚያ የዒድ ልብስ ስፌት መጣብኝና ሦስት ወር ሳላዞረው ቀረሁ።

በዚህ መሀል ደብዳቤ ደረሰ። የአምስት ቀን ፈቃድ አግኝቷል፣ ቅዳሜ ይገባል። «አንድ ቀን ጨፋ ላይ ላብርረው እንጂ ሌላ አልፈልግም፣ እዚህ ስተኛ የማስበው ድምፁን ነው፣ ለጓደኞቼም የማወራላቸው እሱን ነው» ይላል። ሮጬ ጣሳውን ከፈትኩ። ኑጉ እንደ ሙጫ ደርቆ ሞተሩን ድርቅ አድርጎት ነበር፣ ውልብልቢቱ ፍንክች አይልም። ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ እንቢ። ሐሙስ ዕለት የጭነት መኪና መካኒክ ወደሆነው ጎረቤታችን ወደ አብዱ ወሰድኩት።

«ያ ዘይነባ፣ ኩን ማሊ?» አለኝ በኦሮምኛው፣ ይኼ ምንድን ነው ማለቱ ነው። አሸተተውና ሳቀ፣ «ሽሮ ልትሠሪበት ነበር እንዴ?»

«አትሳቅብኝ አብዱ፣ ወንድሜ ከነገ ወዲያ ይገባል!»

እሱም ሳቁን ተወና ሞከረ፣ ሞከረና መለሰልኝ። «ብገፋው ይሰበራል፣ ብተወው አይዞርም፣ ውሰጂልኝ እህቴ።» እያለቀስኩ ተመለስኩ፣ እንደደረቀ ጠቅልዬ ጣሳውን ግጥም አድርጌ ከደንኩት።

በማግስቱ ጁምዓ ነው። ወንዱ መስጊድ ሄዷል፣ እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ወጥታለች፣ ቤት ውስጥ እኔና የስፌት መኪናዬ ብቻ። ቀትር ነው፣ የከሚሴን ቀትር ታውቁታላችሁ፣ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ጥላ የምትፈልግበት ሰዓት። ስሰፋ ከቁም ሳጥኑ በኩል ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ከዚያ ጵስስ፣ ትንፋሽ የመሰለ። አይጥ ናት ብዬ ቀጠልኩ። ጠቅ፣ ጵስስ። እግሬን ከመኪናው አነሳሁ፣ እሱም ዝም አለ። አይዞሽ ዘይነብ አልኩና አንድ ሁለት ስፌት እንደሰፋሁ፣ ጠቅ፣ ጵስስ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ውልብልቢት በጣቱ ሲያዞር የሚሰማው ድምፅ ነው፣ ስንት ጊዜ አዙሬው እንዴት አላውቀውም?

አዑዙ ቢላሂ ብዬ ተነሳሁ። የጣሳው ክዳን ትናንት እንደገጠምኩት ነው፣ በቢላ ነው የፈለቀቅኩት። ጨርቁን ገለጥኩ። ውልብልቢቱን በአንድ ጣቴ ነካ ሳደርገው፣ እመኑኝ፣ እንደ ውሃ ሄደ፣ ጠቅ፣ ጵስስ። ኑጉ የለም፣ ሙጫው የለም። ግን እሱም አይደለም ያስደነገጠኝ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ በሚፋጅበት ሰዓት፣ ደጋ አገር ውርጭ ላይ ያደረ ያህል እጄን ቆረጠመኝ።

ቅዳሜ ጀማል ገባ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ። እናቴን አቅፎ ሳይጨርስ ዓይኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። አወጣሁለት፣ አዞረው፣ ፊቱ በራ። «እጅሽ ይባረክ እትዬ!» ዝም ብዬ ምስጋናውን ብበላ ማን ያውቅብኝ ነበር፣ ግን ለጀማል ዋሽቼ አላውቅም፣ ሁሉንም ነገርኩት። ኑጉ ላይ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጁምዓው ላይ ስደርስ ሳቁን አቆመ።

«ሲነካ ይሞቅ ነበር ወይስ ይቀዘቅዝ?» አለኝ።

«ይቀዘቅዝ ነበር።»

ሞተሩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ትናንት በቀትር የት ነበርክ ብዬ ብጠይቀው፣ «ምሳ ስጪኝ» አለኝ።

እሑድ ጨፋ ላይ አበረርነው፣ በመጀመሪያው ተነሳ፣ እናቴ እንኳ አጨበጨበች። ማታ ግን ማንም እንዲነካው የማይወደው ልጅ፣ መጥረጉንም መጠቅለሉንም ለእኔ ትቶ ፊቱን አዞረ። ፈቃዱ አልቆ ወደ ግንባር ሲመለስ፣ መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ጆሮዬ ሥር መጣና፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ከደረቀ ይድረቅ። ብቻውን ሲዞር ብትሰሚም አትክፈቺው» አለኝ። ለምን እንዳልለው መኪናው ደረሰ።

ጀማል አልሐምዱሊላህ ከጦርነቱ በሕይወት ወጥቷል፣ ኮምቦልቻ ወልዶ ከብዶ ይኖራል፣ ሞተሩን አምጪው ብሎኝ ግን አያውቅም። ያን ጁምዓ ሳነሳበት ወሬ ይለውጣል። ይድረቅ ቢለኝም እኔ አሁንም በወር በወሩ ዘይቱን ጠብ አደርጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ሁለቱንም በቀትር። እንዳለኝ ሲዞር አልከፈትኩትም፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪያበቃ ተቀመጥኩ። ጀማል ደህና መሆኑን አውቃለሁ፣ ታዲያ ያ የሚያዞረው ከግንባር ያልተመለሰ ማን ነው፣ የማንስ ወንድም ነው፣ እያልኩ።

አለመክፈት ለእህት ቀላል አይደለም።