ጎንበስ በይ፣ ሾላው ጋ ደረስን

ትሁን ከምትሠራበት የፈረንጆች ቤት አርብ አርብ እረፍት ስታገኝ፣ ጅቡቲ ውስጥ ቤተሰቧ ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ ካርቲየ 3 የምትገባው አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር። የባሏን መታመም ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ እሷ ግን ማንም ከንፈሩን እንዲመጥጥላት ፊት አትሰጥም። ለምንስ ትስጥ? ደስታው ባንቲሁን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ስንት ዘመን ከባድ መኪና የነዳ፣ ዳገት ቁልቁለቱን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ነው! ኩላሊቱ ከድቶት አልጋ ላይ ቢጥለው፣ ክብሩን ማን ወሰደበት? በሩ ላይ ስትደርስ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ትገባለች።

አንድ አርብ ግን ገና ግቢው ሳትደርስ የደስታውን ሳቅ ሰማች። ከስንት ወር በኋላ! የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃቸው ፅዮናዊት በሲሚንቶው ግቢ ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ ሥላ መሃሉ ቆማለች። ክቡ ዘንገና ሐይቅ ነው፤ አዊ አገር፣ ጫካ የከበበው፣ ደስታው ተወልዶ ያደገበት ሐይቅ። አባትና ልጅ እሱን በብስክሌት ለመዞር እየመከሩ ነው።

"እማዬ ስሚ፣ ሳይነጋ እንነሳና ፀሐይዋ ሳትከር ዞረን እንጨርሳለን። አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ራሳችን ላይ የምንጠመጥመው እርጥብ ሽርጥ..."

"አይ የጅቡቲ ልጅ!" አለ ደስታው ጎኑን ይዞ እየሳቀ። "እዚያ በማለዳ ብርዱ ነው አጥንትሽን የሚቆረጥመው! ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቀን ነው የምንነሳው። ሽርጡን ተይና ጋቢ ያዢ።"

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። ፀሐይ እስክትወጣ የሚጠበቅበት አገር አለ እንዴ?

ብስክሌቱን ደስታው ራሱ ነበር፣ ገና ጤነኛ ሳለ፣ ወደብ ከገባ አሮጌ ዕቃ መሃል መርጦ የገዛው። ለምን ብስክሌት? ነገሩ የቆየ ቁስል ነው። የአዊ ሰው ክብሩ ፈረሱ ነው፤ ደስታው ደግሞ በጉብዝናው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሲል አባቱ የሰጡትን ዳማ ፈረስ ሸጠ። አባቱ አቶ ባንቲሁን "ፈረስ የሸጠ ልጅ በእግሩ መጥቶ ደጄን እንዳይረግጥ!" ብለው በአደባባይ ማሉ። ልጁም የአባቱ ልጅ ነውና እልኸኛ ነበር። "በእግሬ አልሄድም፤ ሐይቁን በብስክሌት ዞሬ፣ ልጄን ከኋላዬ አፈናጥጬ ደጁ ላይ እቆማለሁ" ይል ነበር... ስንት ዓመት ሙሉ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፅዮናዊት በብስክሌቱ በጠመኔው ክብ ላይ ስትዞር፣ ደስታው በረንዳው ላይ ከተዘረጋለት አልጋ ሆኖ መንገዱን ይመራታል። "ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን ያዢ! የዛፍ ሥር አለ፣ ቀስ በይ! አሁን ታጠፊ... ጎንበስ በይ፣ ሾላው ጋ ደረስን! ቅርንጫፉ ይመታሻል!" ልጅቷም ከባዶ አየር ሥር ጎንበስ ትላለች። የቤቱ ባለቤት ኡሙልኸይር ግቢዬ ተዥጎረጎረ ብላ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ ኋላ ግን ተከራዮቿን "ሐይቁን እንዳትጠርጉት!" እያለች እሷው ዘበኛ ሆነች።

ሕመም ግን የሰው ዕቅድ መቼ ያውቃል? የደስታው ድምፅ ከሳምንት ሳምንት እየቀጠነ ሄደ። ሐኪሞቹ ዓይናቸውን ከትሁን ዓይን ማሸሽ ጀመሩ።

"ለአባትህ ልደውልላቸው?" አለችው አንድ ቀን።

"እንዳታደርጊው ትሁኔ። ለታመመ ሰው ሁሉም ያዝናል። እኔ አዝነውልኝ ሳይሆን ኮርተውብኝ ይቅር እንዲሉኝ ነው የምፈልገው።"

በሌላ አርብ፣ ፅዮናዊት እንደ ልማዷ ትዞራለች። "ቁልቁለት..." አለ ደስታው። "ሥሩ ጋ..." አለ። መታጠፊያው ላይ ልጅቷ ጎንበስ አለች፤ ድምፁ ግን አልመጣም። ተቃንታ ዞረች። ደግማ ዞረች... ድምፁን እየጠበቀች ዞረች! ትሁን የባሏ እጅ በእጇ ውስጥ ሲላላ ተሰምቷታል። ልጇን "ቁሚ" የምትልበትን አንደበት ከየት ታምጣው?

ደስታው ጅቡቲ ተቀበረ። መርዶው አገር ቤት ሲደርስ፣ የሥራ ባልደረባው ወሰኑ እናትና ልጅን ከነብስክሌቱ በመኪናው ጭኖ ለለቅሶው አደረሳቸው። በዚያ አገር ወግ የፈረሰኛ ለቅሶ ሲወጣ የሟቹ ፈረስ ተሸልሞ፣ ባዶ ኮርቻውን በለቀስተኛው መሃል ይመራል። ለደስታው የሚመራ ፈረስ አልነበረም። ለቀስተኛው በሐፍረት መሬት መሬት አየ። ትሁን ግን ቀና አለች።

"ፅዮን፣ የአባትሽን ፈረስ አምጪ!"

ልጅቷ ብስክሌቱን እየገፋች መሃል ገባች። አቶ ባንቲሁን ከፈረሳቸው ላይ ሆነው፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ "ይሄ ብረት ምንድን ነው?" አሉ።

"ፈረሱ ነው አያቴ። ሐይቁን ዞሮበት ደጅዎ ሊመጣ ነበር። እኔ ልዙርለት?"

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ትሁን ከልጇ ኋላ ተፈናጠጠች፤ ደስታው ልጁን ሊያፈናጥጥ ባሰበበት ቦታ። ብስክሌቱ ሐይቁን ወደከበበው ጫካ ሲገባ ግን የፈረስ ኮቴ ከኋላቸው ተሰማ። ፅዮናዊት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዘች። የዛፉ ሥር ጋ ቀስ አለች። ከመታጠፊያው በፊት፣ ወደ ፊት ገና ምንም ሳይታይ፣ ጮኸች፦

"እማዬ፣ ጎንበስ በይ፣ ሾላው ጋ ደረስን!"

ታጠፉ። ቅርንጫፉ በጀርባቸው ላይ አለፈ።

የፈረሱ ኮቴ ቆመ። አቶ ባንቲሁን ልጓሙን ስበው ሾላውን ቀና ብለው አዩ። ትንሹ ደስታው ዳማውን ሲያስጋልብ፣ እዚችው መታጠፊያ ላይ "ጎንበስ በል፣ ሾላው ጋ ደረስን!" እያሉ ይጮኹለት የነበሩት እሳቸው ነበሩ...

"ማን... ማን ነገረሽ?"

"አባዬ። በየቀኑ ይነግረኝ ነበር።"

ሽማግሌው ከፈረሳቸው ወረዱ። የፈረሱን አንገት ያስጌጠውን ቀይ ዘርፍ ፈትተው ብስክሌቱ መሪ ላይ አሰሩት። ከዚያ ብስክሌቱን በእጃቸው እየመሩ ወደ ለቅሶው ተመለሱና፣ "ልጄ በእግሩ አልመጣም!" ብለው ጮኹ። "እዩልኝ! ደስታው በእግሩ አልመጣም!"

ዕጣ ለደስታው ዕድሜ ነፈገችው፤ የአባቱን ደጅ ኮርቶ መግባትን ግን ልትነፍገው አልቻለችም። ትሁንም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አለቀሰች፤ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ እንባዋን ግን አልጠረገችም።